አንድ ከአስር

ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው ልጅ ውጤት ስሰጥ ኖሬያለሁ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በቀይ እስክሪብቶዬ ስንቱን ጎረምሳ አንገት አስደፍቼ፣ ስንቱን ከእናቱ ጋር አጣልቼ፣ ቤቴ ገብቼ ራቴን በልቼ ያለ አንዳች ሐሳብ ተኝቻለሁ። ውጤት ማለት ለእኔ እንደ ዝናብ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነበር። አንድ ቀን እኔኑ ያረጥበኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። አረጠበኝ። ያውም በትልልቅ ፊደል ታትሞ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ አራቱም ማዕዘኑ በፕላስተር ተጣብቆ።

ከመሠረቱ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በከተማችን የማኅበረሰብ ሬዲዮ «ለምን?» የሚል ፕሮግራም አቀርባለሁ። በበጎ ፈቃድ ነው። ሰማይ ለምን ሰማያዊ ሆነ፣ የድስት ክዳን ለምን ያልበዋል፣ ጀልባ ያን ሁሉ ሰውና ጆንያ ተሸክሞ ባሮ ላይ ለምን አይሰጥምም፤ ይህን የመሳሰለውን አንሥቼ አብራራለሁ። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪ ሲያንቀላፋ ይታየኛል። ሬዲዮ ላይ የሚያንቀላፋ አይታይም፤ ሬዲዮን የወደድኩትም ለዚሁ ነው። ባለቤቴ ብርቱካን ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። የፕሮግራሙን ስም የነገርኳት ዕለት ቀና ብላ አየችኝና «እኔም አንተን የምጠይቅህ እሱኑ ነው» አለችኝ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ኡጁሉ ይባላል። የአኙዋ ልጅ ነው፤ ባሮ ዳር ተወልዶ ባሮ ዳር ያደገ፣ ቁመቱ የበር ጉበን የሚነካ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ስብሰባን በጸሎት ጀምሮ በጸሎት የሚዘጋ ሰው። «እርስዎ» ስለው ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደቆመ ያያል፤ ስለዚህ አንተ እንባባላለን። አዲስ አበባ ለሥልጠና እስኪሄድ ድረስ ከእሱ የበለጠ ሰላማዊ ኃላፊ አልነበረም። ከሥልጠናው አንድ ቃል ይዞ ተመለሰ። ቃሉ «ሬቲንግ» ነው።

«መምህር» አለኝ፣ እጄን ጨብጦ ሳይለቅ፤ «እስከ ዛሬ በጨለማ ነው የሠራነው። ሰው ይሰማናል፣ አይሰማንም፣ አናውቅም። አሁን በቁጥር እናውቃለን።»

«ቁጥር ጥሩ ነገር ነው» አልኩት። የፊዚክስ መምህር ሌላ ምን ይላል?

ጣቢያው የላካቸው ጠያቂዎች ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ኢታንግ፣ ወደ ማታር፣ ወደ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ተበተኑ። ጣቢያችን አስር ያህል ፕሮግራሞች አሉት። ሕዝቡ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ከአንድ እስከ አስር ደረጃ ይሰጣል፤ ደግሞም ስንት አድማጭ እንዳለው ይቆጠራል። እኔም በጓደኞቼ ፊት እንደማይመለከተኝ ሰው ሆኜ፣ ውስጥ ውስጡን ግን «ሰባት እንኳ ቢሰጡኝ» እያልኩ ሰነበትኩ። ከዚያ ስምንት ተመኘሁ። ውጤቱ ሊለጠፍ ሲል ዘጠኝ ቢሆን ንግግሬን በምን እንደምጀምር ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር።

ተለጠፈ። ከላይ፣ በአንደኛነት፣ አስር ሊሞላ ትንሽ የቀረው «የኃላፊው መልዕክት» ነው። ይህ ፕሮግራም አቶ ኡጁሉ ሰኞ ጠዋት ስለ ጽዳት ዘመቻና ስለ ስብሰባ ውሳኔ በዝግታ የሚያነብበት ነው። ሰውየው ራሱ ሲያነብ አንዳንዴ ይተኛል። ቀጥሎ በሁለተኛነት «ዕረፍት» ይላል። ዕረፍት ማለት ጄኔሬተሩ የሚያርፍበት ሰዓት ነው፤ ሬዲዮ የከፈተ ሰው ሹሹሹ ከሚል ድምፅ በቀር አንዳች አይሰማም። ጠያቂዎቹ የፕሮግራሙን ሰሌዳ እንዳለ ሲገለብጡ እሱንም አብረው አስገብተውት ኖሯል። ዓይኔን ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ አሁንም ወደ ታች ወሰድኩ። ከወረቀቱ ግርጌ፣ ፕላስተሩ በከፊል ሸፍኖት፣ «ለምን?» ይላል። አንድ ከምናምን። ምናምኗንም አዝነውልኝ የጨመሯት መሰለኝ። የአድማጭ ብዛቱም ከቤተሰቤ ቁጥር ብዙ አይርቅም።

«አቶ ኡጁሉ» አልኩት፣ ቢሮው ገብቼ፤ «ሹሹታው ከእኔ በለጠ?»

አሳዘንኩት። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ወንድሜ፣ አትዘን። ምናልባት ሙዚቃ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ነው።»

«እኔን ግን ምንም አይጠብቁም።»

«ቁጥሩ እንደዛ ይላል» አለ በለስላሳ ድምፁ። «ግን አንድ ወር እሰጥሃለሁ። አስተካክል። ካልሆነ ሰዓቱን ለመዝሙር እንሰጣለን።»

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ቁጥሩ እንዴት እንደመጣ ይጠይቅ ነበር። ተማሪዎቼን «ውጤት ስታዩ መጀመሪያ አለካኩን ጠይቁ» እያልኩ የማስተምር እኔ ራሴ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። ቤቴ ሄጄ መስታወት ፊት ቆምኩና ድምፄን መመርመር ጀመርኩ።

የአማርኛው መምህር ጓደኛዬ «ድምፅህ ደርቋል፤ እንደ አዲስ አበባዎቹ አድርገህ አለስልሰው» ብሎ መከረኝ። በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ከንፈሬን ማይኩ ላይ ለጥፌ፣ ከደረቴ በታች ካለ ቦታ አውጥቼ «ሰላም፣ ሰላም፣ የልቤ ወዳጆች» አልኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ማዶ ቾል ተነሣ። ቾል የጣቢያው ቴክኒሻን ነው፤ የኑዌር ልጅ፣ ቃል የማያባክን። ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ሰካ፤ ማጉያውን መታ መታ አደረገ። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ገባና «መምህር፣ ዕቃው ተበላሸ ወይስ አመመህ?» አለኝ። ይህ ሁሉ አየር ላይ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የድምፅ ማጀቢያ አስገባሁ። ስለ መብረቅ ሳወራ ነጎድጓድ፣ ስለ ነፋስ ሳወራ ነፋስ እንዲሰማ ከቾል ጋር ተስማማን። ቁልፎቹ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ በላብ ጠፍቶ ስለነበር «በዚህ ጊዜ ሰማዩ በኃይል» ስል የሕፃን ልቅሶ መጣ። ነፋስ ስል ዶሮ ጮኸ። ስበትን ላስረዳ «አንድ ድንጋይ ከላይ ስንለቅ» ብዬ ስጠብቅ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨበጨበ። ቾል ፊቱ ላይ ምንም አልተነበበም። እኔ ግን ጭብጨባው በጣም ስለጣመኝ ሳላስበው «አመሰግናለሁ» አልኩ።

ሦስተኛዋ ቅዳሜ የስልክ መስመር የከፈትኩባት ናት። «ደውሉ፣ ጠይቁ፣ መስመሩ ክፍት ነው» ብዬ ዝም አልኩ። ዝም። ቾልም ዝም። ዕረፍት የሚባለው ፕሮግራም ለምን እንደሚወደድ ያኔ ትንሽ ገባኝ፤ ዝምታ ያለው ክብር ቀላል አይደለም። በመጨረሻ ስልኩ ሲጮህ ዘልዬ አነሣሁት።

«ሄሎ፣ እንኳን ደህና መጡ፣ ማን ልበል?»

«እኔ ነኝ» አለች ብርቱካን። «መስመሩ ከተከፈተ አይቀር፣ ስትመጣ ሽንኩርት ይዘህ ና።»

«ውድ አድማጫችን፣ ጥያቄዎን?»

«ቀዩን። የበሰበሰ እንዳይሰጡህ ደግሞ እየጨበጥክ እየው» ብላ ዘጋችው። ሁለተኛው ደዋይ ባጃጅ ፈልጎ የተሳሳተ ሰው ነበር። ከእሱ ጋር እንኳ ብዙ አወራን፤ ልለቀው አልፈለግኩም።

የመጨረሻዋ ቅዳሜ ላይ ተስፋ ቆርጬ ሁሉንም ትቼ እንደ ድሮዬ ገባሁ። ርዕሴ አምባዛ ነበር። ሌላው ዓሣ ከውሃ ሲወጣ ወዲያው ሲሞት አምባዛ ግን ሳፋ ውስጥ ተጋድሞ ሰዓታት የሚቆየው ለምንድን ነው? ጥያቄውን አስፍቼ፣ አጓጉቼ፣ «መልሱም» ስል መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩም አልነሣ አለ። ቾል በሩን ከፍቶ ገባና ማይኩን ከፊቴ ወሰደው። የእኔ ነገር በዚሁ አበቃ አልኩና ሽንኩርት ገዝቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አቶ ኡጁሉ ሰኞ ጠራኝ። ዓይኔን ማየት ከብዶታል። «ረቡዕ ኢታንግ እሄዳለሁ። እዛ ጥሩ መዘምራን አሉ። ያንተን ሰዓት ለነሱ ለመስጠት ነው። አንተ መምህር ነህ፣ ድምፅ ታውቃለህ። አብረኸኝ ሂድና ምረጥ።»

ተተኪዬን እኔው ራሴ ልመርጥ ማለት ነው። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ክፍል ስላልነበረኝ፣ ብርቱካንም የኢታንግ ዓሣ ስላማራት፣ እሺ አልኩ።

ግንቦት አልቆ ሰኔ ሊገባ ነበር፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሯል። አቶ ኡጁሉ መሪውን ከመያዙ በፊት ስለ መንገዱ ጸለየ፤ እኔም በበኩሌ አማተብኩ። አስፋልቱን በሰላም ጨረስን። ኢታንግ ገብተን ወደ መዘምራኑ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን የአፈር መንገድ ይዘን ትንሽ እንደሄድን ፒክአፑ ወደ ግራ ዘመመ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ግማሽ ጎማው ድረስ ጥቁር ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። ስንገፋ ሰመጠ። ስንተወውም ሰመጠ።

ቦታው ከገበያው ብዙ አይርቅም። ትላልቅ ማንጎዎች ሥር ተቀምጦ የነበረው ሰው ተነሥቶ መጣ። ሴቶች ሳፋቸውን እያስቀመጡ፣ ወንዶች ሱሪያቸውን እየጠቀለሉ፣ መኪናዋን ከበቧት። እኔ ጭቃ ከመንካት ማዘዝ ይቀለኛልና ድንጋይ ላይ ወጥቼ «በሉ እንግዲህ፣ ሁላችንም በአንድ አቅጣጫ፣ አንድ ላይ፣ ኃይላችንን ሳንበትን» እያልኩ መምራት ጀመርኩ።

አንዲት ረጅም ሴት መግፋቷን አቁማ ቀና አለች። ኛቦል ትባላለች፤ ስሟን ያወቅኩት በኋላ ነው። የዓሣ ሳፋዋን ጭቃው ዳር አስቀምጣ ነበር የምትገፋው። አየችኝ፤ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችኝ፤ ገለጠችና እንደገና አየችኝ። ከዚያ በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገረች። ሰው ሁሉ እጁን ከመኪናዋ ላይ አነሣ።

«አንተ» አለችኝ በአማርኛ፤ «አንተ ሬዲዮ ነህ?»

«ሬዲዮ ላይ እሠራለሁ።»

«ለምን ነህ?»

«አዎ» አልኩ፣ ምን ሊመጣ እንደሆነ ሳላውቅ፤ «ለምን ነኝ።»

ለሰዎቹ ተረጎመችላቸው። ጉምጉምታ ተነሣ፤ ክቡ እኔ ዙሪያ ጠበበ። ኛቦል ድንጋዩን ጨምራ ከላይ እስከ ታች ለካችኝና ቅር አላት። «አጭር ነህ። ድምፅህ ረጅም ነበር።»

«በሬዲዮ አይታይም» አልኩ።

«እሺ። አምባዛው ምን ሆነ?»

አልገባኝም። እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ቅዳሜ አምባዛ ለምን አይሞትም አልክ። መልሱም አልክ። ሹሹሹ ሆነ። እኛ እዚህ ቁጭ ብለናል። ይሄ» አንድ ሽማግሌ አሳየችኝ፤ «ይሄ አምባዛ ሁለት ልብ አለው ይላል። ያ» ሌላውን አሳየችኝ፤ «ያ እግዜር ስለወደደው ነው ይላል። ሰኞ ተጣላን። ማክሰኞ ተጣላን። አሁን ንገረን።»

ከኋላ በኩል አቶ ኡጁሉ ጉልበቱ ድረስ ጭቃ ውስጥ እንደቆመ «እናቴ፣ መጀመሪያ መኪናውን ብናወጣ» አለ በትሕትና።

«አንተ ቆይ» አለችው። «መኪና አይሄድም። እሱ ግን ይሄዳል።»

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው ጮክ ብሎ «ጋትሉዋክ» ሲል ሌሎቹም ተቀበሉት። ከማንጎው ሥር፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደ ስካርፍ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ብቅ አለ። ልብስ ሰፊ ነው። ከስፌት መኪናው በላይ፣ ከማንጎው ቅርንጫፍ ላይ፣ አንዲት አሮጌ ሬዲዮ ተንጠልጥላለች። «ማሌ» ብሎ በኑዌርኛ ሰላም አለኝ፤ እኔም የማውቃትን አንዲት ቃል መለስኩለት፤ «ማሌ»። ከዚያ እጄን በሁለት እጁ ይዞ አልለቅ አለኝ። «መምህር፣ ያንተ አፍ እኔ ነኝ» አለ። «ቅዳሜ አንተ በአማርኛ ትናገራለህ፣ እኔ በኑዌርኛ እናገራለሁ። ብዙው ሰው አማርኛ አይሰማም። እኔን ይሰማል።»

በቃ ድንጋዬ ላይ ቆሜ ጀመርኩ። «ዓሣ ከውሃ ውስጥ አየር የሚወስደው በአንገቱ ግራና ቀኝ ባለው ቀይ ነገር ነው» አልኩ። ጋትሉዋክ ተቀበለና ተናገረ። ተናገረ። አሁንም ተናገረ። እጁን አወናጨፈ፤ አንድ ሰው አስመሰለ፤ የተናደደች ሴትም አስመሰለ። ሕዝቡ ሳቀ። የኔ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ርዝመት እንዳልነበራት እርግጠኛ ነኝ፤ ግን ሕዝብ ሲስቅ ማን ይከራከራል? «አምባዛ ግን» ብዬ ቀጠልኩ፤ «ከእሱ ሌላ ጭንቅላቱ ውስጥ ተጨማሪ መተንፈሻ አለው። ቅርንጫፍ ያላት ትንሽ ዛፍ ትመስላለች። በእሷ ልክ እንደ እኛ ከነፋሱ አየር ይወስዳል። ገላው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ይቆያል።»

ጋትሉዋክ ተረጎመ። «ሁለት ልብ አለው» ያሉት ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተቀበሉኝም። ኛቦል ሳፋዋ ውስጥ ካሉት የሞተውን አምባዛ መረጠች። ቢላዋዋን አወጣች። ከድንጋዬ ወርጄ ጭቃው ውስጥ አጠገቧ ተንበረከክሁ። እኔ መጽሐፍ ላይ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። የአንገቱን ክዳን ስትገልጥ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሕዝቡ ሁሉ ይበልጥ የፈራሁት እኔ ነኝ። ባይኖርስ?

አለ። ከቀዩ ነገር ከፍ ብሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተሸጉጦ፣ በደም የቀላች፣ ቅርንጫፎቿ የተንዠረገጉ ትንሽ ዛፍ። በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ። ኛቦል በጣቷ ጫፍ አንሥታ ለፀሐዩ አሳየቻት። ሰው እየተጋፋ መጥቶ አየ፤ ያየው እየዞረ ላላየው ነገረ። ሽማግሌው ለብቻቸው ረጅም ጊዜ አይተው ሲጨርሱ ቀና አሉና እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑ። ጭብጨባው ከዚያ በኋላ መጣ። ቾል ቁልፍ ተሳስቶ ያመጣው ዓይነት አይደለም፤ ጭቃ በነካው እጅ የሚጨበጨብ፣ ፊትህ ላይ የሚረጭ፣ እውነተኛው። እኔ፣ አንድ ከምናምን ያለኝ ሰው፣ የማደርገው ጠፍቶኝ የአምባዛውን ጭንቅላት ይዤ ቆምኩ።

አንድ ሌላ ሰው በጋትሉዋክ በኩል ጥያቄ አለኝ አለ። «ሚስትህ ከቤት ስታስወጣህ የት አደርክ ይላል» ብሎ ጋትሉዋክ ተረጎመልኝና ዓይኑን ወደ ጭቃው አወረደ።

«ማን? የእኔ ሚስት?»

«ስለ ድስት ክዳን ላብ ያስተማርክ ቀን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፊዚክስ ብቻ ሲሆን፣ መምህር፣ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል። እኔ ትንሽ ጨው እጨምራለሁ። ክዳኑን ሰርቀህ ስታጠና ሚስትህ አባረረችህ አልኩ። በጣም ተወደደ።»

ብዙ ጨው እንደጨመረ ከሰዎቹ አስተያየት ገባኝ። በኢታንግ ገበያ እኔ ከዝናብ ሸሽቼ ዶሮ ቤት ያደርኩ፣ ጀልባ ለምን እንደማይሰጥም ላረጋግጥ በገዛ ባለቤቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ባሮ ላይ የወረድኩ ሰው ነኝ። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም በፍቅር ነው የሚያየኝ። አፌን መልሼ ዘጋሁት።

አቶ ኡጁሉ ይህ ሁሉ ሲሆን ከጭቃው አልወጣም ነበር። አሁን እግሩን እየነቀለ መጣ። «ቅዳሜ ስንት ሰው ይሰማል እዚህ?» ብሎ ጠየቀ።

«ገበያው ሁሉ» አለች ኛቦል። «ቅዳሜ እሱ ሲናገር ዓሣ የሚገዛ የለም። ከኩሌም በእግር የሚመጣ አለ።»

«ጠያቂ መጥቶ ነበር፣ አይደል?»

«መጣ» አለ ጋትሉዋክ። «ሬዲዮ ያለው ማነው አለ። እኔ ነኝ አልኩት። አንድ ብሎ ጻፈ።»

አቶ ኡጁሉ ሕዝቡን አየ፤ ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለችውን አንዲት ሬዲዮ አየ። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ለፕሮግራሙ ከአንድ እስከ አስር ደረጃ ስጥ አለኝ። ለምንን አንድ ሰጠሁት።»

«አንድ ሰጠኸኝ?» አልኩ። ጨዉን ይቅር ብዬው ነበር፤ ይህን ግን አልቻልኩም።

ጋትሉዋክ ግራ ተጋብቶ አየኝ። «ታዲያ ስንት ልስጥህ? አንደኛ ነህ። ሁላችንም ተማክረን ነው አንደኛ ያልንህ። ማታር ያለው ወንድሜም አንደኛ ብያለሁ ብሎኛል።»

 እኔ ራሴ ሰርተፊኬት ላይ «ደረጃ፦ አንደኛ» ብዬ ስጽፍ የኖርኩ መምህር ነኝ፤ ደረጃ ስጥ የተባለ ሰው ሌላ ምን ያድርግ? አቶ ኡጁሉ ነገሩ ቀስ እያለ ፊቱ ላይ ሲወጣ አየሁት።

«ዕረፍትን፣ ሹሹታውን ስንት ሰጣችሁት?»

«ዘጠነኛ።»

«የኃላፊውን መልዕክትስ?» ሲል ድምፁ በጣም ለሰለሰ።

«ሰኞ ጠዋት ያ የሚያነበው ሰውዬ? አስረኛ» አለ ጋትሉዋክ ሳያመነታ። «ሹሹታው ይሻላል። ሹሹታው ሙዚቃ ሊመጣ ይችላል።»

ዞር ብዬ ላላየው ሞከርኩ። አልቻልኩም። አቶ ኡጁሉ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ረጅም ቁመቱን ይዞ ቆሞ፣ መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ያን ለስላሳ ድምፁን ጥሎ ከሆዱ ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። «ያ ሰውዬ እኔ ነኝ» አለ ዕንባውን እየጠረገ። ጋትሉዋክ ደነገጠ፤ ኛቦል ግን ሳቁን አይታ ሳቀች፤ ከዚያ ምክንያቱን ያላወቀውም ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚያው ሳቅ ውስጥ አንዱ መኪናዋን ያዘ፣ ሌላው ያዘ፤ ፒክአፗን ከጭቃው እንደ ወንበር አንሥተው ደረቁ ላይ አስቀመጧት። መዘምራኑንም ሄደን ሰማናቸው። በጣም ጥሩ ዘመሩ። አቶ ኡጁሉ አመስግኖ የሰኞ ጠዋትን ሰዓት ሰጣቸው፤ የራሱን።

በሚቀጥለው ሰኞ ለመጨረሻ ጊዜ «የኃላፊው መልዕክት» ላይ ወጣና እንዲህ አለ፦ «ወገኖቼ፣ አስረኛ ወጥቻለሁ። ጠያቂዎቹ እንደገና ይመጣሉ። በዚህኛው ጊዜ አስር ማለት በጣም ጥሩ ማለት ነው። ሬዲዮውን አይቆጥሩም፣ ሰውን ይቆጥራሉ። አሁን መዝሙር እናዳምጥ።» ብርቱካን ወጥ እያማሰለች ሰማችውና «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ጥሩ ተናገረ» አለች።

«ለምን?» ከዚያ ወዲህ በወር አንድ ቅዳሜ ከኢታንግ ማንጎ ሥር በቀጥታ ይተላለፋል። ቾል ማይክ ሁለት አድርጎታል። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ እናገራለሁ፣ ጋትሉዋክ በኑዌርኛ ይቀበለኛል፣ እኔ እጠብቃለሁ። ሰዉ ሲስቅ እኔም እስቃለሁ። ቾል ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል፤ በእኔ ላይ ምን እንደተባለ ስጠይቀው «ደህና ነገር ነው» ብሎ ገመዱን ይጠቀልላል።

አዲሱ ጠያቂ የመጣው በአንደኛው እንዲህ ባለ ቅዳሜ፣ ፕሮግራሙ እንዳለቀ ነው። ወጣት አይደለም፤ ፀሐይ የመታው፣ የደከመው፣ ሥራውን በወጉ የሚሠራ ሰው ነው። መሐል ላይ ቆሞ «ትልቁ ቁጥር ጥሩ ነው፣ ትንሹ መጥፎ ነው። ለዚህ ፕሮግራም ከአስር ስንት ትሰጣላችሁ? አንድ በአንድ እየመጣችሁ ንገሩኝ» አለ። ጋትሉዋክ ተነሥቶ ተረጎመ፤ እንደ ልማዱ አስረዘመው።

ማንም አንድ በአንድ አልመጣም። መጀመሪያ ኛቦል ሁለት እጇን ከራሷ በላይ አነሣች፣ ጣቶቿን ሁሉ ዘርግታ። ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው አነሡ። ከዚያ ከማንጎው ሥር እስከ ዓሣ መሸጫው ድረስ፣ ከዚያም ወዲያ፣ ጀልባ ላይ ያሉት ጭምር፣ ገበያው ሁሉ ሁለት ሁለት እጁን አነሣ። አቶ ኡጁሉም ከኋላ ቆሞ አንሥቷል፤ የእሱ ከሁሉም በላይ ይታያል። ጠያቂው ወረቀቱን አየ፤ ሕዝቡን አየ፤ እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተና እሱም እጁን አነሣ።

እኔ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሣሁና እጅ ነሣሁ። ከጎኔ ጋትሉዋክም ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተነሣ፤ ከእኔ ዝቅ ብሎ፣ ከእኔም ረዘም አድርጎ እጅ ነሣ። አስሩ ለማናችን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እጆቹ እስኪወርዱ ድረስ ሁለታችንም ቆመን አየናቸው።